በልጄ ስም የታከመችው ልጅ

በሰፈራችን «ሚኒስትሯ» ይሉኛል። ሹመቱን የሰጡኝ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ግማሹ ለፌዝ፣ ግማሹ ከልብ። ሸዋሮቢት ውስጥ ማን ምን ሲያመው የት ቢታከም እንደሚያዋጣው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር፤ ሰዉም አመነኝ። ልጅ ያተኮሰባት እናት ሻሿን እያጠላለፈች መጀመሪያ የምትመጣው እኔ ቤት ነው። እኔም የስፌት መኪናዬን መርገጥ ሳላቆም እፈርዳለሁ። «ክሊኒክ ምን ትሠሪያለሽ? ገና ደጁን ስትረግጪ ካርድ አውጪ ይሉሻል፤ ከዚያ ደም፣ ከዚያ ሽንት፣ ከዚያ ሰገራ። ጤና ጣቢያ ሂጂ። በገበያ ቀን ግን እንዳትሄጂ፤ የገጠሩ ሰው ሁሉ አህያውን አስሮ እዚያ ነው የሚሰለፈው።»

ያለ አግባብ የወጣ ገንዘብ ያመኛል። የሰው ገንዘብ ቢሆንም ያመኛል፤ እንደ ራስ ምታት ነው የሚይዘኝ።

የጤና መድህን የመጣ ጊዜ በቀበሌያችን ቀድመው ከተመዘገቡት አንዷ እኔ ነበርኩ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍልና የሁሉም ስምና ፎቶ ያለበት ደብተር ይሰጠዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ጤና ጣቢያ በነጻ ይታከማል። በሽታው ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ተጽፎለት ሆስፒታልም በዚያው ደብተር ይታያል። ወረቀቱን ሳይዝ ዘሎ ሆስፒታል የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። ይህን ሥርዓት ከቀበሌው ሹም በላይ አውቀው ነበር። ደብተሯን በፌስታል ጠቅልዬ ከቁርኣኑ ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ በላይኛው መደርደሪያ ነው የማስቀምጣት።

ታናሽ እህቴ ያለችው በደሴ መንገድ፣ ካራቆሬ ነው። ባሏ ማሾ ነጋዴ ነው፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ስለ መድህኑ ሲነሳ ችክ ይላል። «ሳንታመም ለበሽታ አንከፍልም፤ በላያችን ላይ መጥራት ነው» ብሎ የመመዝገቢያው ወቅት አለፈው። ስንት ጊዜ ጨቀጨቅኩት! እህቴ ደግሞ ባሏን አትጫንም። ስለዚህ በእነሱ ቤት ልጅ ሲታመም ክሊኒክ ነው፣ ክሊኒክ ማለት ደግሞ የእኔ ራስ ምታት ነው።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ልጇ እኛ ዘንድ ልትከርም መጣች። የእሷና የእኔ ልጅ በአንድ ወር ልዩነት ነው የተወለዱት፤ ያኔ ሁለቱም ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ቀሚስ ስለምሰፋላቸው መንገደኛው ሁሉ መንታ ይላቸዋል። በመጣች በሳምንቷ ጉሮሮዋ አበጠ፤ ምራቅ መዋጥ አቃታት፣ እንደ ምጣድ ጋለች። እናቷ ጋ ስደውል «እትዬ፣ ክሊኒክ ውሰጂልኝ፤ የሚያስፈልገውን እልካለሁ» አለችኝ።

«ምን በወጣሽ!» አልኳት።

ማንም አላስገደደኝም፤ ይህን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። እህቴ በደብተርሽ አሳክሚልኝ አላለችም። እኔው ነኝ ከመደርደሪያው ያወረድኳት። የልጄ ፎቶ ገና በአራት ዓመቷ የተነሳችው ነው፤ ጉንጭና ዓይን ብቻ ነው የሚታየው፣ የእህቴ ልጅ ናት ቢባል ማንም አይከራከርም። ባጃጅ ውስጥ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አሠለጠንኳት። «ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ስምሽን ሲጠይቅሽ የእህትሽን ስም ነው የምትነግሪው። የራስሽን አይደለም። ገባሽ?» ትኩሳት ላይ ሆናም ጨዋታ መሰላት፤ ደስ አላት። ደጋግሜ ስጠይቃት አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተችም።

ካርድ ክፍል ያሉት ሽማግሌ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፎቶውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። «አድጋለች፣ ማሻ አላህ» አሉና የልጄን ካርድ ከመደርደሪያው ሳቡልኝ። ያ ካርድ የልጄ በሽታ ሁሉ የተጻፈበት ማህደር ነው፤ ክትባቷ፣ ወባዋ፣ የሆድ ትሏ። የዚያን ቀን የሌላ ልጅ ጉሮሮ ተጨመረበት።

መርፌ ታዘዘላት። ከመርፌ ክፍሉ ወጥተን አግዳሚው ላይ ገና ቁጭ ከማለታችን ከንፈሯ ማበጥ ጀመረ። ዓይኗ ተደፈነ። ሰውነቷ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት በእብጠት ሆነ፤ ትንፋሿ ሲር ሲር አለ፣ ለአፍታም ቆም ብሎ ተመለሰ። ጮህኩ። ነርሷ ከእጄ ነጥቃኝ ሮጠች። ሌላ መርፌ ወጓት፣ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አደረጉላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ያ ረቢ፣ የሰው ልጅ አማና፣ አደራ ነው፤ የሰው ልጅ እጄ ላይ እንዳትሞትብኝ» እያልኩ ነበር። ከሰዓት በኋላ እብጠቷ ጎደለ። አልሃምዱሊላህ፣ ዳነች።

ስንወጣ ነርሷ ቁጭ አድርጋ ብዙ ነገር ነገረችኝ። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጆሮዬ ግን በሩ ላይ ነበር፤ የሚያውቀን ጎረቤት ገብቶ ልጅቷን በእውነተኛ ስሟ ቢጠራትስ! ብቻ መድኃኒቱ እንደማይስማማት፣ ሁለተኛ እንዳይሰጣት ስትል ሰምቻለሁ። የካርዱ ፊት ላይ በቀይ እስክሪብቶ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። «የትም ስትሄዱ ይህን ተናገሩ» አለች። እሺ፣ እሺ፣ እሺ ብዬ ወጣሁ።

ለእህቴ ምን ብዬ እንደነገርኳት ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «መርፌ አይስማማትም፤ ትንሽ አሳበጣት። ሁለተኛ መርፌ እንዳታስወጊያት። ሽሮፕ ግን ምንም አይላት» አልኳት። ትንሽ! የልጅቷ ትንፋሽ እንደቆመ፣ እንደገና እንደመጣ አልነገርኳትም። በነጻ አሳከምኩልሽ ብዬ ተመጻድቄ ሳበቃ ልትሞትብኝ ነበር ልበላት? ሽሮፑን ደግሞ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። መርፌ ነው ያሳበጣት፤ ስለዚህ መርፌ ያልሆነ ነገር ደህና ነው ብዬ ፈረድኩ። ሚኒስትር አይደለሁ!

ዓመት አለፈ፤ ረሳሁት። ባልረሳውም እንኳ እንደ ብልሃት ነበር የማስታውሰው።

ዘንድሮ ባሌ ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ በሄደ በማግስቱ የእኔዋ ልጅ ታመመች። ማታ ሳል ነበር፤ ንጋት ላይ የጎኗ አጥንት በትንፋሿ ቁጥር ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ አየሁ። ልብሷን ሳለብሳት ስልኬ ጮኸ፤ እህቴ ናት።

«እትዬ፣ የልጅቷ ጉሮሮ ደግሞ ተነሳባት። ክሊኒክ ልውሰዳት?»

የራሴዋ ልጅ እጄ ላይ ታቃስታለች፤ ሆኖም የክሊኒክ ስም ሲነሳ አፌ ብቻውን ይሠራል። «ገንዘብሽን አትበትኚ፤ ጉሮሮ መሆኑን አውቀሽዋል። ቀጥታ መድኃኒት ቤት ሂጂና አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ግዢ፤ የልጅ በያቸው። መርፌ ግን እንዳትነኪ» ብያት ዘጋሁት። ልጄን በጀርባዬ አዝዬ፣ ደብተሯን በጡቴ ሸጉጬ ወጣሁ።

ጤና ጣቢያው ገና በጠዋቱ ሞቋል። የተቀበለን ወጣት ጤና መኮንን ነው፤ ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን። ደረቷን አዳመጠ፣ ሰዓቱን እያየ ትንፋሿን ቆጠረ፤ «የሳንባ ምች ነው። ቶሎ ነው የመጣችሁት፣ ጥሩ ነው» አለኝ። ልቤ ትንሽ አረፍ አለች። መድኃኒት ለማዘዝ ካርዷን ገለበጠ። እጁ ቀይዋ ጽሑፍ ላይ ቆመ።

«እናት፣ ይህችን ልጅ ፔኒሲሊን ገድሏት ነበር ማለት ይቻላል። አልነገሩኝም እኮ!»

ልጄን ወደ ደረቴ ሳብ አደረግኳት።

«ለሳንባ ምች እዚህ ያለኝ መድኃኒት በሙሉ የእሱ ዘመድ ነው። የሚተካውን ዛሬ የለኝም። ሪፈር እጽፍልዎታለሁ፤ ደብረ ብርሃን ይውሰዷት።»

ደብረ ብርሃን! ያን ሁሉ ዳገት፣ ያንን የጣርማ በር ብርድ! ከቆላ ወጥቶ በዚያ ዋሻ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ጤነኛውንም ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ደረቷ እንዲህ የሚሰረጉድ ልጅ ታቅፌ በሚኒባስ መስኮት በሚገባ ነፋስ እዚያ ልደርስ? ደግሞም ልጄ ፔኒሲሊን ምንም አይላትም። ስንት ጊዜ ወስዳዋለች፤ በዚሁ ካርድ ውስጥ፣ ከቀይዋ ጽሑፍ በፊት ባሉት ገጾች ላይ ተጽፏል። መድኃኒቱ ከጎኔ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ከመድኃኒቱና ከልጄ መካከል የቆመው እኔ ያመጣሁት ቃል ነው።

መጀመሪያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሌላ ውሸት ሞከርኩ። «ዶክተር፣ ያኔ እኮ ሌላ ነገር በልታ ነው ያበጠችው። እንቁላል። ይስጧት፣ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።»

«በእርስዎ ኃላፊነት ልጅ አልገድልም» አለና ሪፈሩን መጻፍ ጀመረ።

የእስክሪብቶው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። እናገራለሁ ስል ደብተሯ ትታየኛለች፤ ይነጥቁኛል። ስሜ በቀበሌው ይለጠፋል። ጎረቤት «ሚኒስትሯ በሌብነት ተያዘች» ብሎ ይስቃል። አልናገርም ስል ልጄ ታቃስታለች። ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው፦ ደብተሯንና የልጄን ትንፋሽ ለጥቂት ጊዜ መዘንኩ። ወረቀቱ ላይ ሊፈርም ሲል እጁን ያዝኩት።

«የእሷ አይደለም» አልኩ። «ያበጠችው የእህቴ ልጅ ናት። በልጄ ስም ነው ያሳከምኳት።»

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይጮህብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልጮኸም። የካርዱን የድሮ ገጾች አንድ በአንድ ገለጠ፣ ከዓመት በፊት አሞክሳሲሊን የተሰጠባቸውን ሁለት ቀኖች በጣቱ አሳየኝ። «ይህ የማን ነው? ይህስ?» አለኝ። «የልጄ፣ ወላሂ የልጄ ነው» አልኩ። ነርሷን ጠርቶ አማከራት፤ እዚያው አጠገቧ ሆነው እያዩ በጥቂቱ እንዲጀምሩላት ተስማሙ። ልጄን አልጋ ላይ ስናስተኛት፣ አለቀ፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

እሱ ግን ካርዱን ይዞ እንደቆመ ነው። «ያቺኛዋ ልጅ የት ናት?»

«ካራቆሬ፣ እናቷ ዘንድ።»

«እናቷ ታውቃለች?»

«አዎ፣ ነግሬያታለሁ» አልኩ፤ ይህን እንኳ በትክክል አድርጌያለሁ በሚል ኩራት። «መርፌ እንዳትወጋ ነግሬያታለሁ። ሽሮፕ ብቻ ነው የምትሰጣት።»

«ምን ሽሮፕ?»

«ያው አሞክሳሲሊን ነዋ» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «እናት፣ መርፌው አይደለም እኮ! መድኃኒቱ ነው። አሞክሳሲሊን ራሱ የፔኒሲሊን ወገን ነው። በመርፌ ገባ፣ በሽሮፕ ገባ፣ በክኒን ገባ፣ ያው ነው።»

ጆሮዬ ጭው አለ። ጠዋት ያልኳት ትዝ አለኝ፤ ቀጥታ መድኃኒት ቤት ሂጂ ያልኩት። ክሊኒክ ብትሄድ ኖሮ አንድ የሚጠይቃት ሰው ይኖር ነበር። ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ስለዚያች ልጅ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሸዋሮቢት፣ በእኔ ልጅ ስም፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ደወልኩ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም።» ደወልኩ። ያችው ሴትዮ፣ ያው ድምፅ። ካራቆሬ መብራት ከጠፋ ስልኳ ይሞታል፤ ቻርጅ ማድረግ ምንጊዜም ትረሳለች። መሄድ? መኪና ሞልቶ እስኪነሳ፣ ኬላው፣ መንገዱ፤ ሽሮፕ ለመዋጥ ግን የአንድ ማንኪያ ጊዜ ይበቃል። የራሴዋ ልጅ ደግሞ አልጋ ላይ ናት፤ ነርሷ ከንፈሯን እያየች ሰዓት ትቆጥራለች። አንዷን እያየሁ ለሌላዋ እደውላለሁ። ሁለት ጊዜ ስልኩ ወደቀብኝ።

ለባሏ ደወልኩ። እሱ ያለው ማጀቴ ከተማ፣ ገበያ ላይ ነው፤ የሰው ጫጫታ፣ የአህያ ጩኸት፣ ሚዛን ላይ የሚከራከር ሰው።

«ልጅቷ መድኃኒቱን እንዳትወስድ!» ብዬ ጮህኩ።

«ማሾው? ዋጋው ገና ነው» አለኝ።

«ማሾህን ተወው! ልጅህ! ሽሮፑን ከወሰደች ትሞታለች! ጎረቤት ጋ ደውል፣ አሁኑኑ!» ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ዘጋው።

ጠበቅኩ። ጤና መኮንኑ ሌላ ታካሚ ሊያይ ሄዶ ተመለሰ። «ደወለች?» አለኝ። አልደወለችም። ስንቱን ሰው ስንት ጊዜ ወደ መድኃኒት ቤት ልኬ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ያቺ የወንዝ ማዶዋ፣ ያቺ አራስ፣ እኚያ ስኳር ያለባቸው ሽማግሌ። በሁሉም ላይ ፈርጃለሁ። አላህዬ፣ ይህችን ብቻ ተውልኝና ሁለተኛ አፌን አልከፍትም አልኩ። ይህን ቃል እንደማልጠብቀው እያወቅኩ ነው የገባሁት።

ስልኩ ሲጮህ የማላውቀው ቁጥር ነው። እህቴ ናት፤ በጎረቤት ስልክ። ታለቅሳለች።

«ሰጠሻት?» አልኳት።

«እትዬ፣ ምንድን ነው እሱ? ምን ሆነሻል? ጎረቤቱ ሰውዬ በሩን ሊሰብረው ነበር!»

«ሰጠሻት ወይ?!»

«አልሰጠኋትም። ዱቄት ነው እኮ፣ በፈላ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። ውሃውን አፍልቼ እስኪበርድ እየጠበቅኩ ነው። በዚህ ሙቀት መቼ ይበርዳል!»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያንን የካራቆሬ ሙቀት ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው ኖሬያለሁ። መድኃኒት ቤቱ የማይስማማት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠይቋት እንደነበርም ነገረችኝ። «መርፌ ብቻ ነው አልኩት፤ አንቺ እንዳልሽኝ።» ምንም ሳልሸፋፍን ሁሉንም ነገርኳት፤ የከንፈሯን እብጠት፣ የቆመውን ትንፋሽ፣ ደብተሯን። ስጨርስ በረጅሙ ተነፈሰችና «አንቺ ነሽ እኮ ያልሽው፤ ለዚያ ነው ሳልጠይቅ የማደርገው» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጤና መኮንኑ ስልኩን ተቀብሎኝ የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል አስጻፋት። «አሁኑኑ እዚያ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ይክፈሉ። የራሷን ካርድ ያውጡላትና ይህን ቃል ፊቱ ላይ ያስጽፉላት» አላት። ይክፈሉ ሲል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን አላመመኝም። ልጄ አልጋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ከንፈሯ ያው የራሷ ከንፈር ነው፣ አላበጠም። ስለ ደብተሯ ምን እንደሚደረግ ጠየቅኩት። «እሱን በኋላ» አለኝ፤ ካርዱን ግን ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ትንሿ ልጅ «አክስቴን አገናኙኝ» ስትል ሰማሁ። ድምፅዋ ከጉሮሮዋ በጭንቅ ነው የሚወጣው።

«ሐኪም ቤት ልንሄድ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ፤ እናቷ እንዳትሰማት ይመስላል። «ዛሬስ ማን ነኝ ልበላቸው?»